በሌላ መንገድ መመለስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በታኅሣሥ ወር፣ የቆቦ ሜዳ ማሽላ ታጭዶ በዐውድማ ላይ በሚከመርበት ጊዜ፣ ከራያ ቆላ ብዙ ምእመናን ለልደት በዓል ወደ ቅዱስ ላሊበላ ይጓዛሉ። ዛሬ በመኪና የሚሄደው ብዙ ቢሆንም በእግሩ የሚገሠግሠው አሁንም አልጠፋም። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናትና፣ መንገደኛው ስንቁን ይዞ፣ የለመደውን ሙቀት ትቶ፣ የላስታን ዳገት ይወጣል። በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ሲዘመር የደረሰ ሰው ድካሙን ሁሉ ይረሳል። ይህ የተመሰገነ ነገር ነው፤ ሊነቅፈው የሚገባ ማንም የለም።

ነገር ግን፣ ምእመናን ሆይ፣ ስለ መሄዳችን ብዙ ስንናገር ስለ መመለሳችን የምንናገረው እጅግ ጥቂት ነው። በዚሁ በዓል የምናስባቸው ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ከሰገዱ በኋላ ወደ ሄሮድስ ሳይመለሱ በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው እንደ ገቡ ወንጌላዊው ማቴዎስ ይነግረናል። ሲመጡ ኮከብ መርቷቸዋል፤ ሲመለሱ ግን ወንጌሉ ስለ ኮከብ አንዳች አያነሣም፤ በሕልም የተነገራቸውን ቃል ብቻ ይዘው ተጓዙ። በዓል ኮከብ ነው፤ ከበዓል በኋላ ያለው ዘመን ግን ያለ ኮከብ የሚሄዱበት ነው።

ከእግዚአብሔር ጋር ስለ መጓዝ ሲነገር አስቀድሞ የሚታሰበን አባታችን ሄኖክ ነው። ብዙ ሰውም ሄኖክን ከዓለም ተለይቶ በበረሓ እንደ ኖረ ባሕታዊ ያስበዋል። የኦሪት ዘፍጥረት 5ኛ ምዕራፍ ግን ወንዶችና ሴቶች ልጆችን እየወለደ 365 ዓመት እንደ ኖረ ይመሰክራል። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ወሰን ይካለላል፤ ይጣላል፤ ይታረቃል። እንግዲህ የሄኖክ ጉዞ በቤትና በእርሻ መካከል የነበረ ጉዞ ነው።

የራያ ገበሬ ይህን ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይችላል። በቆላው ዝናብ ቢያጥር እንኳ በምዕራብ ባሉት ተራሮች ሲዘንብ፣ እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት ወንዞች ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ። ገበሬው ያን ዝናብ በዐይኑ አላየውም፤ እንዲዘንብም ያደረገው እርሱ አይደለም። የእርሱ ፈንታ በአፈር፣ በድንጋይና በእንጨት ውኃውን አግዶ በቦይ ወደ ማሽላው መምራት ነው። ጎርፉ ሌሊት ከመጣ ሌሊት ይነሣል። የሠራውን ግድብ ያው ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል፤ እርሱም እንደ ገና ይሠራዋል። «ባለፈው ዓመት ሠርቼው ነበር» ብሎ የሚቀመጥ ገበሬ የለም። በነፍሳችን ግን ይህን የምንል ብዙዎች ነን፤ አንድ ጊዜ ንስሓ ገብተናልና፣ አንድ ጊዜ ተሳልመናልና።

ደግሞም ይኸው ውኃ ያጣላል። ከላይ ያለው ቦዩን ዘግቶ ሲያስቀር የታችኛው እርሻ ይደርቃል፤ ከቃል ወደ ዱላ፣ ከዱላ ወደ ደም ይደረሳል። እንዲህ ከጎረቤቱ የተቀያየመ አንድ ሰው እናስብ። ይህ ሰው ላሊበላ ደርሶ፣ ጠበልና እምነት ይዞ ይመለሳል። መንደሩ ሲቀርብ ግን መንገዱን ትቶ በቁጥቋጦው መካከል ይጠመዘዛል፤ የዚያን ጎረቤት ደጅ ላለማለፍ ነው። እርሱም በሌላ መንገድ ተመለሰ! ነገር ግን ሰብአ ሰገል የሸሹት ገዳዩን ሄሮድስን ነበር፤ እርሱ የሸሸው ወንድሙን ነው። ሄሮድስንማ በልቡ ተሸክሞት መጥቷል።

እኛ ካህናትም በዚህ ነገር ንጹሓን አይደለንም። የተሳላሚውን እግር እናጥባለን፤ በረከት ያመጣልን ዘንድ እንጠይቀዋለን፤ ስለ ጎረቤቱ ግን አንጠይቀውም፤ እንዳናስቀይመው እንፈራለንና። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያውጅ፣ ሁለቱ ባላጋራዎች አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ ቆመው ከቅርባቸው ላለው ብቻ እጅ እንደሚነሡ እያየን ዝም እንላለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ዳግመኛም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነት ቆቦን ካገኛት ወዲህ፣ ተሰዶ የተመለሰው ሕዝብ የተሸከመው ቂም ከውኃ ጠብ የከበደ ነውና፣ ዝምታችን ከቀድሞው ይልቅ ያስጠይቀናል።

የራያ ቆቦ አባቶች ግን ዝም አላሉም። ዘወልድ በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ሽማግሎች ደም የተቃቡትን ወገኖች ያስታርቃሉ። ከቆቦ እስከ ላሊበላ ካለው ዳገት ይልቅ ከአንዱ ደጅ እስከ ሌላው ደጅ ያለው ጥቂት እርምጃ እንደሚከብድ ሽማግሎቹ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ያን እርምጃ ማንንም ብቻውን አያስኬዱትም፤ በመካከል ሆነው አብረውት ይሄዳሉ። ካህኑም መስቀሉን ይዞ ከእነርሱ ጋር ሊሄድ ይገባዋል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ተሳላሚው ከላስታ ሲወርድና ለነፍስ አባቱ እምነቱን ሲያቀርብ፣ ነፍስ አባቱ ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቀው፦ «ልጄ፣ በማን ደጅ በኩል አልፈህ መጣህ?»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።