ስህተት የማን ዕዳ ነው?

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ያሳያል። ከታች የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። ወጣ ሲሉ የአሜሪካ ኤምባሲ፣ እሱን አለፍ ሲሉ ደግሞ ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔውና የባህል ልብስ ነጋዴው ሰፈር። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች መንገድ ነው። በዚህ ዳገት ግርጌ የሚውል አንድ የታወቀ የአዲስ አበባ ሰው አለ፦ ጠዋት የሚያስተምር፣ ከሰዓት ለውጭ ድርጅት ጥናት የሚሠራ፣ ክረምት ሲገባ መጠይቁን ይዞ መስክ የሚወጣ መምህር። አንዳንዱ ድርጅቱን ተከትሎ ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ ይሄድና ፀጉሩ ሸብቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ደመወዙ አላኖር ስላለው ነው የሚሉ አሉ። አልተሳሳቱም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገቢው አይደለም፤ ይህ ሰው ሁለት የማይመሳሰሉ የስህተት ሕጎች ይዞ እንዴት እንደሚኖር ነው።

መምህር ክፍል ውስጥ ቢሳሳት ጎበዝ ተማሪ እጁን ያወጣል። ባያወጣም ስህተቱ ፈተና ላይ ወይም በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፍ ላይ ይታረማል። እንዲያውም ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር ሰው ያለ ብዙ ጉዳት እንዲሳሳት ተብሎ የተሠራ ቤት ነው ማለት ይቻላል። የልማት ሥራ እንዲህ ያለ ቤት የለውም። እዚያ የተሳሳተ ሐሳብ ተጠቃሚ የሚባለው ሰው ጓዳ ድረስ ይገባል፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋም አብሮ አይወጣም።

ሽሮ ሜዳን እንውሰድ። ከሰፈሩ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ ሲወርድ ኖሯል። በዚሁ የዝምድና መንገድ ትንንሽ ልጆችም ይመጣሉ። አዲስ አበባ ገብተህ ትማራለህ ተብሎ የመጣው ልጅ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ እስከ ማታ መወርወሪያ ሲያመላልስ ይገኛል። ጉዳዩ ተደጋግሞ ተጠንቷል፤ ፕሮጀክትም ተቀርጾበታል። አሁን እንበልና አንዱ ፕሮጀክት ነገሩን የጉልበት ብዝበዛ ብሎ ልጁን ከሽመናው አወጣው። ሸማኔው ዘመዱ ደግሞ፣ እኔም በዚሁ ዕድሜዬ እዚሁ ጉድጓድ ላይ ነው ሙያ የለመድኩት፣ ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሙያ ማስተማር የሚያበቃው፣ መበዝበዝ የሚጀምረው የት ላይ ነው? በሰዓቱ ብዛት ነው? በክፍያው? ወይስ ልጁ እንቢ ለማለት በመቻሉ? ፍልስፍና ክፍል ውስጥ ይህን ጥያቄ አንድ ሴሚስተር ይዞ መቆየት ይቻላል፤ ሳይመልሱት ቢለያዩም ነውር የለውም። ፕሮፖዛል ግን የማስገቢያ ቀን አለው፤ በዚያ ቀን መልሱ መጻፍ አለበት። መልሱ ትክክል ካልሆነ ልጁ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጎዳና ሊወድቅ፣ ወይም የማንም ዓይን የማይደርስበት ጓሮ ገብቶ ሽመናውን ሊቀጥል ይችላል። ለጋሹ ቀሪውን ገንዘብ ወደ ሌላ ወረዳ ያዞራል፤ ባለሙያውም ሌላ ኮንትራት ይፈርማል።

ፕላቶ በእርጅናው በጻፈው «ሕግጋት» ውስጥ ሁለት ዓይነት ሐኪሞችን ያነጻጽራል። አንደኛው ባሮችን የሚያክም፣ ራሱም ባሪያ የሆነ ሐኪም ነው። ሳይጠይቅና ሳያስረዳ ያዝዝና ወደሚቀጥለው በሽተኛ ይሮጣል። ሁለተኛው የነጻ ሰዎች ሐኪም ነው፤ በሽታውን ከመነሻው ይጠይቃል፣ ከበሽተኛውና ከቤተሰቡ ይማራል፣ እሱም ያስተምራቸዋል፣ በሽተኛው ሳያምንበት መድኃኒት አያዝም። መጽሐፉ ገፋ ሲል ፕላቶ ነገሩን ይገለብጠዋል፦ የመጀመሪያው ሐኪም ሁለተኛውን ቢያይ በሳቅ ይፈርሳል ይላል። አንተ ሞኝ፣ ሰውየውን እያከምከው ሳይሆን እያስተማርከው ነው፤ እሱ የፈለገው መዳን እንጂ ሐኪም መሆን አይደለም፣ ይለዋል።

ይህን ሳቅ ቢሮ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ በትህትና የተለወሰ ቢሆንም። ሕዝቡ ውኃ ነው የሚፈልገው፣ ሴሚናር አይደለም ይባላል። ንቄ አላልፈውም። የተራበን ሰው ስለ ረሃብ መንስኤ ለማስተማር መቀመጥ ጭካኔ ነው። ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከኢትዮጵያ ሲጠፋ የተከተበው ሁሉ የክትባቱን ሳይንስ እንዲያውቅ ግድ አልነበረም። መድኃኒቱ ታውቆ ባለቀበት ቦታ የሳቂው ሐኪም ሙግት ያስኬዳል። ድህነት ግን መድኃኒቱ ታውቆ ያለቀ በሽታ አይደለም። ለሸማኔው ገበያ ማስገኘት፣ እንጨት ለምትሸከመው እናት ሌላ እንጀራ መፍጠር፣ እነዚህ ሁሉ ገና ሙከራ ናቸው። ሙከራ ላይ ያለ ሐኪም ከበሽተኛው የማይማር ከሆነ መድኃኒቱን በምን ያውቀዋል? ስለዚህ ማስተማርና መማር ለልማት ሠራተኛ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩ ደግነቶች አይደሉም። በሰው ኑሮ ላይ ሙከራ ለማድረግ የሚያስችለው ፈቃድ ከእነሱ ሌላ ከየትም አይመጣለትም።

በእኛ አገር ይህን ጉዳይ በሕይወታቸው የተሸከሙ ሰው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። የቢልሃርዚያው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። እንዶድ ደግሞ ዛሬ ሽሮ ሜዳ ተደርድሮ የሚሸጠውን ዓይነት ነጠላና ጋቢ ለዘመናት ሲያነጣ የኖረ የደጅ ተክል ነው። አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ኋላም ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገብተው በሳይንስና በልማት ዘርፍ ለዓመታት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንዶድ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ደጅ ጠና። የዓለም ጤና ድርጅት የመርዛማነቱ ምርመራ በሚፈለገው ደረጃ ላቦራቶሪ አልተሠራም በማለት አልቀበለውም አለ፤ ገበያው ላይ የነበረው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ የጀርመን ኬሚካል ነበር። አክሊሉ ሽልማቱን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፣ የችግሩ ሥር ከአፍሪካ ሁነኛ ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብሎ አለማመን እንደሆነ ተናግረዋል።

ምርመራ ለጠየቁትም ፍትሐዊ እንሁን። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ሰው በሚጠጣው ወንዝ ላይ የሚጨመር ነገር ይመርመር ማለት ተገቢ ነው፤ የመምህር ጥርጣሬ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ መጠበቁስ ማንን ያስከፍላል? ሳያጣሩ መፍቀድ ስህተት ከሆነ ሳይወስኑ መቆየትም ስህተት ሊሆን ይችላል። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ወንዝና መስኖ ውስጥ የሚዋኙ ልጆች በትሉ ይያዙ ነበር፤ ዕዳው ጄኔቫ ላለው የድርጅቱ ጠረጴዛ አንድም ቀን አልቀረበለትም። ተክሉ የሰሜን አሜሪካን የውኃ ቱቦዎች የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡር እንደሚገድል ሲታወቅ ግን፣ የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፓተንት መብት አወጣበት። የአድዋዎቹ አጣቢዎች እዚያ ወረቀት ላይ የሉም።

እንግዲህ ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ሰው ላይ ማገናኘት ብቻውን ምንም ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው መመለሻው ላይ ነው፦ መስክ ላይ የተሠራው ስህተት ተመልሶ ክፍል ይገባል ወይስ አይገባም? በዚህ ረገድ የራሳችን ታሪክ ሁለት ምሳሌ ትቶልናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ አደረገ፤ አብዛኛው በመምህርነት አገለገለ። ዓመቱን ጨርሶ ስድስት ኪሎ ሲመለስ መምህሩ ያላየውን አይቶ ስለነበር ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1974)፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማራ። የዘማቹ ቅንነት አያጠራጥርም፤ ብዙ መሃይም አስተምሯል፣ ለመሬት አዋጁም ደክሟል። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ነበር። ያየውን ጥፋት አምጥቶ የሚሟገትበት ክፍል፣ ተሳስተናል የሚልበት መድረክ አልነበረውም። የመጀመሪያው በቁጥር እጅግ ትንሽ ቢሆንም ከሁለተኛው የተሻለ ትምህርት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲው በር ክፍት ነው፤ ጥናቱ ግን አይመለስም። የከሸፈ ፕሮጀክት ሪፖርት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለለጋሹ ይላካል፣ መሳቢያ ውስጥም ያድራል። ክፍል ውስጥ የሚማረው የተሳካው ነው። መጠይቁን የመለሰው ሸማኔ ምን ብለው እንደጻፉለት አያውቅም፤ ስለዚህ ተሳስታችኋል ሊላቸው አይችልም። የልማት ሥራ እጁን የሚያወጣውን ተማሪ ያጣው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ስድስት ኪሎ አስተምራችሁ ከሰዓት ሽሮ ሜዳ ለጥናት የምትወጡ መምህራን፣ ሁለት ነገር አድርጉ። ያልሠራላችሁን ፕሮጀክት ከነምክንያቱ የኮርሳችሁ ንባብ ውስጥ አስገቡት። የጥናታችሁንም ፍሬ ነገር በአማርኛ፣ ከተቻለም በጋሞኛ ጽፋችሁ መጠይቁን ለሞሉላችሁ ሸማኔዎች መልሱላቸው፤ ተሰብስበው ሲተቹትም ቁጭ ብላችሁ ስሙ።