ሥዕሉና ደብተሬ

ተማሪ ሳለሁ የአንድ ጎነ ሦስት ማዕዘኖች በፕሮትራክተር ብለካቸው ድምራቸው 178 ዲግሪ ሆነብኝ። ደብተሬ ላይ ግን 180 ብዬ ጻፍኩ። ዋሸሁ ወይስ እውነቱን ጻፍኩ?

ማረጋገጫው ልኬት አይሻም። በጎነ ሦስቱ ጫፍ በኩል ከመሠረቱ ጋር ትይዩ መስመር ይሰመራል፤ ሁለቱ የታችኞቹ ማዕዘኖች ከላይ እኩያቸውን ያገኛሉ፤ ሦስቱም ተጋጥመው ቀጥታ መስመሩን ይሞላሉ። የተንጋደደው ሥዕሌ ላላየኋቸው ጎነ ሦስቶች ሁሉ ጠበቃ የሚቆመው፣ ክርክሩ ከእሱ መጠንና ቅርጽ አንዳች ስላልተበደረ ነው።

ይሁንና ስለ ትይዩ መስመሮች የተባለውን ኤውክሊድ ያለ ማረጋገጫ ነው የተቀበለው። ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1829 ይህን መነሻ ትቶ፣ ድምሩ ከ180 የሚያንስበት ሌላ ጂኦሜትሪ አሳተመ።

የእኔ 178 ግን (አልኩራራበትም) ከደነዘው እርሳሴ የመጣ ነው። ቢሆንም 178 ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።