ሕፃን በምን ቋንቋ ይማር?

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በቡሬ በኩል የሚጓዝ ሰው እንጅባራ ሲደርስ የገበያው ንግግር ይለወጥበታል። የሚሰማው ባለቤቶቹ አውጚ የሚሉት የአገው ቋንቋ ነው። የአዊ ሕዝብ ከቀረው ጎጃሜ ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ እናት ግን ልጇን የምታባብለው በአውጚ ነው። እንግዲህ ይህ ሕፃን ሰባት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መምህሩ በማያውቀው ቋንቋ ቢናገረው በጎ ተደረገለት ወይስ በደል ተፈጸመበት?

በጎ ነው የሚሉት ሰዎች ማስረጃ የሚናቅ አይደለም። አባቶቻችን ዳዊትን ትርጓሜውን ሳያውቁ ደገሙ፤ ከእነርሱም መካከል ሊቃውንት ወጡ ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሊቃውንት የሆኑት በንባብ ቤት የቀሩት ሳይሆኑ እንደ ዲማ ጊዮርጊስና እንደ ደብረ ኤልያስ ባሉ ጉባኤ ቤቶች ቅኔ ተቀኝተው፣ ኋላም ትርጓሜ ቤት የገቡት ናቸው። በትርጓሜ ቤት ደግሞ መምህሩ የግእዙን ንባብ ካሰማ በኋላ አንድምታውን የሚያወርደው በአማርኛ ነው። ለጎልማሳው ተማሪ እንዲህ የታሰበለት ነገር ለሰባት ዓመቱ ሕፃን ስለ ምን ይነፈጋል? ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሰሚው ከማያስተውለው ብዙ ቃል ይልቅ የሚያስተውለውን ጥቂት ቃል መርጧል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። ሕፃኑ ሒሳቡ አልገባኝም ሲል ብዙ ጊዜ ያልገባው ቃሉ ነው። መምህሩ ግን ሰነፍ ይለዋል፤ ሕፃኑም ያምናል። በደሉ ከዚህ ላይ ነው፤ ቋንቋው ቢጠፋበት ኋላ ይማረዋል፣ ስለ ራሱ ያመነው ግን በቀላሉ አይለቀውም።

አውጚ ፊደል የለውም የሚለው ክርክር እምብዛም አያቆየንም። አማርኛም ከግእዝ ፊደል ሲወስድ ሸን፣ ቸን፣ ኘን፣ ጀን የመሰሉትን ጨምሮ ነው፤ ለአውጚም ጘ ተጨምሮለታል።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ደነገገ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በአዊም አውጚ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ።

ወላጆች ልጃችን ፍርድ ቤትና ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እንዳይቀር ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው የፍቅር ነውና ሊነቀፉ አይገባም። ነገር ግን በአውጚ ማንበብ የተማረ ልጅ የአማርኛን ፊደል አብሮ ተምሯል፤ የሚቀረው ቋንቋውን በሚገባ ማጥናት ነው፤ ለዚህም አማርኛ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ሊሰጠው ያስፈልጋል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የመምህሩ ነገር ነው። አውጚ መናገርና በአውጚ ሒሳብ ማስተማር ልዩ ልዩ ናቸው። ለክፍልፋዩ፣ ለስፋቱ፣ ለመጠኑ ቃል ተፈልጎ፣ ተመክሮበት፣ በሽማግሌዎች ንግግር ተፈትኖ ሊቆም ይገባዋል፤ የአንድምታውም አማርኛ ቢሆን በአንድ መምህር ዕድሜ የተጠናቀቀ አልነበረም።