ስለ ማርሚታው የምመክርህ

ልጄ፣ የአባትህ ኮሮላ ጠዋት ስታስነሳው ሰፈሩን ሁሉ እንደሚቀሰቅስ እናትህ ነገረችኝ። አንተም «መኪናው እስከሄደ ድረስ ምን ቸገረኝ፣ ገንዘብ ሲተርፈኝ አሠራዋለሁ» ብለሃል አሉ። ኑሮ መክበዱን አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይም የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም እንዳለብህ አይጠፋኝም። ግን በዚህ ነገር ዝም ብልህ አጎትነቴ ምኑ ላይ ነው? ዕድሜዬን መኪና ሥር ተኝቼ የጨረስኩ ሰው ነኝና አድምጠኝ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ማርሚታ የተሠራው ድምፅ ለማፈን ብቻ ይመስለዋል። ድምፁስ ጎረቤት ቢያስቀይም ነው። የጭስ ማውጫው ትልቁ ሥራ ሞተሩ የሚተፋውን መርዝ ከተቀመጣችሁበት በታች አሳልፎ ከኋላ መጣል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያዛል፤ ስለዚህ እየተነፈስክ ትታፈናለህ። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ ከመነሻው የሳሳ ከተማ ናት። በክረምት መስኮት ዘግተህ መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆም ምን እንደምትተነፍስ አስበው።

«የማርሚታው ቀዳዳ ከኋላ ስለሆነ አያሰጋም» የሚልህን ሰው አትስማ። ያረጀ መኪና የኋላ ሻንጣው በር ጎማ ይደርቃል፣ የትርፍ ጎማው ማስቀመጫ ወለል በዝገት ይበሳል፤ ጋዙ በዚያ ገብቶ መጀመሪያ የሚያገኘው የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ነው። ልጆቹ «አባዬ ራሴን አመመኝ» ካሉህ መኪና አይስማማቸውም ብለህ አትለፈው። መስኮቱን ክፈት፣ መኪናውን አቁም፣ አውርዳቸው። እስክታሠራውም ድረስ እነሱን በታክሲ አድርስ፤ ይህን የምልህ እንደ አጎት ሳይሆን እንደ አባት ነው።

አሁን ለምን እንደሚበሰብስ ልንገርህ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ጠዋት ከጭስ ማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል የምታየው እሱ ነው። መኪናው ረጅም መንገድ ከሄደ ቱቦው በደንብ ስለሚግል ውሃው ተኖ ይወጣል። አንተ ግን ከሃያ ሁለት ቦሌ መድኃኔ ዓለም ደርሰህ ታጠፋዋለህ። የኋለኛው ማርሚታ ከሞተሩ የራቀው ስለሆነ ገና ለብ ሳይል ይቆማል፤ ውሃው ከጭሱ አሲድ ጋር ተደባልቆ ሆዱ ውስጥ ያድራል፤ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከውጭ ቀዳዳ ስታይ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። አዲሱን ካስገባህ በኋላ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቀለበት መንገድ አውጣውና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳታቆም ንዳው። ከማርሚታው ሆድ ሥር የምታያትን ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ በያጁ «ተበስቷል» ብሎ እንዳይደፍናት፤ ውሃው እንዲወጣባት ፋብሪካው ያበጃት ናት።

ወደ ጋራዥ ከመሄድህ በፊት ራስህ እየው። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ሲባል ሰምተህ የለ? ሕመሙን ሳያውቅ የሚሄድ ሰው ያልታመመውንም አስቀይሮ ይመለሳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጠዋት አስነሳውና ኮፈኑን ከፍተህ አዳምጥ። ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ሰምተህ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ ነገሩ ከፊት ነው፤ ወይ ማኒፎልዱ ተሰንጥቋል ወይ ጋስኬቱ ተበልቷል። ከዚያ አንድ ሰው እርጥብ ጨርቅ አጥፎ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ይያዝልህ፤ የሚያፈስበት ቦታ ፍስስ ብሎ ራሱን ይነግርሃል። ቦታው ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ተረጭቶ ታያለህ። ሥሩ የምትገባ ከሆነ ግን በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እንዳትገባ፤ ጠንካራ ድጋፍ አስገባለት፣ ለጎማውም ሽብልቅ አድርግ።

ቱቦው ሲቀዘቅዝ ደግሞ በካቻቢቴ እጀታ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ እያደረግህ ሂድ። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ያለቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማና የዝገት ቅርፊት ፊትህ ላይ ያራግፋል፤ ዓይንህን ሸፍን። በካቻቢቴው ጫፍ ጫን ስታደርገው ከሰረጎደ ብየዳ አይዘውም፤ በያጁ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሙቀቱ ጎኑን ይበሳዋል። እንግዲህ ይጠገን ወይስ ይቀየር የሚለው እዚህ ላይ ይለያል። ብረቱ ደህና ሆኖ መገጣጠሚያው ቢላቀቅ፣ ማንጠልጠያ ጎማው ቢበጠስ፣ ጋስኬት ቢበላ ወይም ድንጋይ መትቶት ቢሰነጠቅ አስበይደው፣ አስጠግነው፣ ገንዘብህን ቆጥብ። በዝገት ከሆነ ግን ያን ክፍል አስቆርጠህ ቀይረው። የለስላሳ ቆርቆሮ ጠቅልለው በሽቦ አስረው «ለጊዜው ነው» የሚሉህን አልወድላቸውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሶማሌ ተራ ስትሄድ ያገለገለ ማርሚታ ሊሸጡልህ ይሞክራሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ነቅነቅ አድርገው፤ ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ግድግዳው ወድቋል። ባይንኮሻኮሽም የሰው መኪና ሆዱን አብልቶ የጣለው ነውና እኔ ያገለገለ ማርሚታ አልመክርህም፤ አቅምህ በፈቀደው አዲስ ግዛ። ማኒፎልድ ግን ወፍራም ብረት ስለሆነ ያገለገለውም ይሆናል፤ ስንጥቅ እንደሌለውና ፊቱ እንዳልተጣመመ ብቻ አረጋግጥ። ከፊት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በተደጋጋሚ የሚቀደድብህ ከሆነም ቱቦውን ከመቀያየር በፊት የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎች አስመርምር። ጎማው ሲያልቅ ሞተሩ እየተወዛወዘ ነው ቱቦውን የሚቀድደው።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን በተመለከተ አደራ እልሃለሁ። «ይሄ ጉልበት ይይዛል፣ አውጥተን ባዶ ቱቦ እንግጠምልህ፣ በነፃ እንሠራልሃለን» የሚል ቢገጥምህ ለምን በነፃ እንደሆነ ጠይቅ። ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለበት፤ የሚፈልጉት እሱን ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። ያ ዕቃ ሲግል አብዛኛውን መርዝ አቃጥሎ የሚያለሰልስ ነው፤ ካስወጣኸው እግረኛው፣ ሊስትሮው፣ ታክሲ ጠባቂዋ ነፍሰ ጡር ያንተን መርዝ ይተነፍሳሉ። ተደፍኖ መኪናው አልሄድ ካለ ይቀየር እንጂ ባዶ አይደረግ። ከኦክስጅን ሴንሰሩ ፊት ያለ ቀዳዳም ቶሎ ይዘጋ፤ በዚያ የሚገባው አየር ሴንሰሩን ያሳስተውና ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ለማርሚታ የሰሰትከውን ብር ማደያ ላይ ትከፍለዋለህ ማለት ነው።

«እንዲያውም ሸጬ ልገላገለው» ማለትህንም ሰምቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባት እጅግ ተወደደ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። ይህን ሸጠህ እንደሱ ያለ ጤነኛ ሞተር በዚያው ብር አታገኝም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፤ አንድ መኪና ያለውም እንዲሁ ነው፣ መጠበቅ አለበት።

ሲበየድ አጠገቡ ሁን። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥለው ይችላል። ሴንሰሩም ይውጣ፤ ወደ ነዳጅ ታንኩ የተጠጋው ክፍል ደግሞ ወርዶ ውጭ ይበየድ። በያጁ ነጣ ያለ የውሃ ቱቦ ቆርጦ ሊቀጥልልህ ካነሳ እምቢ በል። ዚንክ የተቀባ ነው፤ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ የበያጁን ሳንባ ይጎዳል፣ በትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው ያድራል። እንጀራውን ፈልጎ ነው የሚሠራው፤ አንተ ግን ብረቱን ራስህ ገዝተህ ብትወስድለት እሱንም ጠቀምከው።

ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ብረቱ ግሎ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹ ላላ ይላሉና ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ አስጠብቃቸው። የጨርቁን ምርመራም ያኔ ድገመው። እስከዚያው ግን ቅዳሜ ጠዋት ሞተሩን አስነስተህ ብዙ ሳታሞቀው ወደ እኔ አምጣው፤ ቤታችን ቅርብ ነው። ክሪኩም ድጋፉም እኔ ዘንድ አለ፣ ቲክ ቲኩንም አብረን እንሰማዋለን።