ያልያዝነውን ማጣት

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1932 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ዝናብ ማሳውን አጨቅይቶት ለእርሻ አልመች አለ ይባላል። ሥራ የፈታው ወጣት ገበሬ ጆርጅ ፔሪ ከጓደኛው ጋር ሞንትጎመሪ ወደሚባል ሐይቅ ወርዶ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ባስ የሚባል ዓሣ አወጣ። ዓሣው ተመዘነ፣ ተመዘገበ፣ ቤት ተወስዶም ተበላ። በ2009 ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ ቢዋ ሐይቅ ላይ አንድ አውንስ ያህል የሚበልጥ ያዘ፤ ደንቡ ግን የ2 አውንስ ብልጫ ስለሚጠይቅ ሁለቱ የዓሣውን የክብደት ክብረ ወሰን ይጋራሉ።

ፔሪን ወደ ውኃው የላከው ዝናብ ነው። እኛን ግን ዝናብ ከውኃው ያባርረናል፤ ስንመለስም «ጠዋቱ ተበላሸብን» እንላለን። ምኑ ነው የተበላሸው? ዓሣ እንዳንል አልያዝንም። ብንይዝም ኖሮ እንደ አብዛኛው የባስ አጥማጅ መልሰን እንለቀው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው፤ ይሁንና የሰማይዋን ላም ሲነጥቁት የማይቆጣ አጥማጅ አላጋጠመኝም።

አንድ ጠዋት ከዋሽንግተን ብዙ በማይርቀው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ፖቶማክ ወንዝን በሚቀላቀለው የማታውመን ገባር ላይ ነበርን። ጀልባው ጋሼ የምንላቸው የወዳጃችን ነው። መንጠቆው የተሸሸገበትን የፕላስቲክ ትል ከውኃ ሣሩ ጠርዝ ትጥልና እስኪሰጥም ትተወዋለህ። ከዚያ ክሩን በሌባ ጣትህ ደግፈህ ዘንጉን በትንሹ ቀና ታደርጋለህ፣ ትጠብቃለህ። ባስ ሲያነሣው ጣትህ ላይ «ጠቅ» የሚል ነገር ይሰማሃል፤ አንዳንዴም ክሩ ያለ ድምፅ ወደ ጎን ይሄዳል። ያን ዕለት ጣታችን ያወቀው ሣር ብቻ ነው። በኋላ ከቨርጂኒያ በኩል ሰማዩ ጠቆረ።

«አሁን እኮ ነው የሚጀምረው!» አሉ ጋሼ።

አጥማጆች ማዕበል ከመምጣቱ በፊት ባስ ይበላል፣ ካለፈና ሰማዩ ከጠራ በኋላ ግን አፉን ይዘጋል ብለው ያምናሉ። ምክንያቱ የአየር ግፊት ይሁን የብርሃኑ መደብዘዝ ወይስ ነፋሱ፣ ክርክሩ አላለቀም። ነገሩ እውነት ከሆነ ግን የሚያባርርህም ተስፋ የሚሰጥህም ያው አንድ ደመና ነው። መብረቅ ሲመጣ ደግሞ ገላጣ ውኃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው አንተና ዘንግህ ናችሁ፤ ዘንጉ የሚሠራበት ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አሜሪካ ውስጥ በመዝናናት ላይ ሳሉ በመብረቅ ከሚሞቱት መካከል ዓሣ አጥማጆች ለዓመታት የመጀመሪያውን ስፍራ ይዘዋል። «አንዴ ብቻ ልወርውር» የምትለዋ ቃል በዚህ ውስጥ ድርሻ ሳይኖራት አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

አርስቶትል ድርጊቶችን በሁለት ይለያቸዋል። ቤት መሥራት ጣሪያው እስኪመታ ድረስ ጎዶሎ ነው፤ ማየት ግን በየቅጽበቱ ሙሉ ነው፣ የሚያይ ሰው አይቷል። ማጥመድ የትኛው ነው? «እኔ የምሄደው ለተፈጥሮው ነው» የሚሉ ሰዎች ከማየት ይመድቡታል። አላምናቸውም፤ መንጠቆውን ቁረጡባቸውና በሚቀጥለው ቅዳሜ ስንቶቹ እንደሚመጡ እዩ። ቤት ከመሥራት እንዳንመድበው ደግሞ ጣሪያው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንድ ዓሣ ነው? አምስት? አምስት የያዘ ሰው ስድስተኛውን ይፈልጋል።

ፈላስፋው ቶማስ ኔግል በ1970 ስለ ሞት በጻፈው መጣጥፍ ሰው ያልደረሰበትንም ነገር ሊነጠቅ እንደሚችል ይሟገታል፤ የሰው ዕድሜ ልክ ቢኖረውም ከውስጥ ሆኖ ለሚኖረው ሰው የወደፊቱ ክፍት ነው ይላል። ለአንድ የጠዋት ዝናብ ሞትን መጥራት ማጋነን ይመስላል። ቁጣችንን የገለጠልኝ ግን ይኸው ሐሳብ ነው። ጠዋቱን ሙሉ እምቢ ያለንን ዓሣ አንቆጣውም፤ ደመናውን እንረግማለን። ዓሣው እምቢ ባለ ቁጥር ቀጣዩ ውርወራ ሳይነካ ይቀራል፣ ደመናው ግን ቀጣዩን ይወስዳል። ቀጣዩ ደግሞ በራሱ ማለቂያ የለውም፤ ጨለማ፣ ሥራ ወይም ነጎድጓድ ከውጭ መጥቶ ካላስቆመው አይቆምም። ታዲያ «ተቋረጠ» የምንለው ጠዋት ባይቋረጥ ኖሮ የት ላይ ይሞላ ነበር?

መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ የሚለውን ምክር እያከበርን፣ ይህንኑ ለጋሼ አነሣሁላቸው። ከቤት ስንወጣ ሰዓት ብንቆርጥስ? አምስት ሰዓት ሲሆን፣ በላም አልበላም፣ እንውጣ።

«እንዲያማ ከሆነ ሰዓት ልታይ ነዋ የምትመጣው!» አሉኝ።

ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። ሰዓት ቢቆረጥለት ጠዋቱ ልክ ይኖረዋል፣ ዝናብ ሲመጣም ስንት እንደቀረብን እናውቃለን። ነገር ግን የመጨረሻ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ውርወራ ለማጥመድ ሳይሆን ለመጨረስ የሚወረወር ነው፤ ጋሼ እንዲህ ያለውን ሲወረውሩ አይቼ አላውቅም።