ስለ አፍንጫ መልክና ስለ ቀዶ ሕክምና

እግዚአብሔር አዳምን ከምድር ዐፈር ባበጀው ጊዜ የሕይወትን እስትንፋስ የሰጠው በአፍንጫው በኩል መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት በ2ኛው ምዕራፍ ያስተምረናል። እንግዲህ አፍንጫ አስቀድሞ የእስትንፋስ በር ነው፤ የፊት ጌጥ መሆኑ ከዚህ በኋላ የሚነገር ነው። ይህን የምናነሣው፥ የአፍንጫዋ ጫፍ በመስፋቱ የምታፍር አንዲት ወጣት ገንዘብ አጠራቅማ ወደ ሐኪም ቢላዋ ለመሄድ ስታስብ፥ የንስሐ አባቷ የሚመልስላትን ቃል አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ስለሚገባው ነው።

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎና በሌሎቹም የወለጋ ከተሞች ነገሩ ከመልክ ምኞት የጠለቀ ሥር አለው። ሰው እየተፈነገለ በሚሸጥበት በዚያ ክፉ ዘመን በእነዚህ መንገዶች የተነዱት ብዙዎች ናቸው፤ ዋጋቸውም በመልካቸው ይገመት ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተሻረ፤ የገበያው ሚዛን ግን በአፋችን ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ በአማርኛችን ሰልካካ ስንል ማመስገናችን ነው፤ ጎራዳ ወይም ደፍጣጣ ስንል ግን መስደባችን ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ከጠላት ሳይሆን ከገዛ ቤተ ሰብ፥ ያውም በጨዋታ መሆኑ ነው። አራሷን ልትጠይቅ የመጣች ዘመድ የሕፃኑን አፍንጫ በቅቤ እያሸች ስታስረዝም ያላየ ማን አለ? ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልክ ተጨመረበት፤ ፊትን ከቅርብ ሲያነሣ አፍንጫን ከእውነተኛ መጠኑ አስፍቶ ያሳያልና።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ21ኛው ምዕራፍ አፍንጫ ደፍጣጣውን ከመሠዊያው አልከለከለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። ሰብዓ ሊቃናት በግሪክኛ የተረጐሙት ቃል ግን አፍንጫው የተጐመደውን እንጂ በተፈጥሮው ሰፊ የሆነውን አያመለክትም። ደግሞም የሐዋርያት ቀኖና ዐይኑ ወይም እግሩ የተጐዳ ሰው፥ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ፥ ከጵጵስና እንኳ እንዳይከለከል ወስኗል።

ይህን ስንል ቀዶ ሕክምናን መንቀፋችን አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ የሕክምና ጥበብ ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን አስተምሯል። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ያበላሸውን የሰውነት ክፍል በቀዶ ሕክምና ሲጠግን ኖሯል፤ በየካቲት 12 ሆስፒታልም በእሳት የተቃጠሉ ሰዎች ይታከማሉ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃንም ይሰፋለታል። ስለዚህ «እንደ ተወለድሽ ኑሪ» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት የችኮላ መልስ ነው። መጠየቅ ያለበት፥ ሥራውን ያጣ አካል አለ ወይ? ነው። መተንፈስ የሚከለክላት ከሆነ ትታከም፤ ነውርም የለበት።

ጤነኛውን አፍንጫ ለማጥበብ የሚደረገው ግን ሌላ ነው። የአፍንጫ ጫፍ ቅርፁን የያዘው በለስላሳ አጥንት ነው። ሐኪሙ ከዚህ ከፊሉን ቈርጦ ያወጣል፥ የቀረውን በክር ያቀራርባል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ወይም ከጆሮ ወስዶ ይደግፈዋል። ቆዳው ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ከውስጥ የተሠራው ከውጭ እምብዛም አይታይም። የጫፉ እብጠት ፈጽሞ እስኪጠፋ አንድ ዓመት፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ከመጠን በላይ ከተቈረጠም መተንፈሻው ይጠባል። ያለ ቢላዋ በመርፌ የሚሞላውም ቢሆን ደም ሥር ከዘጋ ቆዳን ይገድላል፥ ዐይንን እስከ ማሳወርም ይደርሳል። ለጌጥ ሲባል የእስትንፋስን በር እስከ ማጥበብ መድረስ በእውነት ከባድ ልውውጥ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ፊታቸውን በቀለም ስለሚቀቡ ሴቶች ብዙ ተናግሯል፤ ባሎቻቸው ግን በማስፈራራት ሳይሆን በማግባባት እንዲመልሷቸው መክሯል። የወለጋ ካህናት ወንድሞቻችንም ይህን መንገድ ቢይዙ እንወዳለን። ልጅቱን አስቀድመው «ይህን ስም ማን አወጣልሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ ስም አውጪው ከቤቷ ከሆነም የሚጠራውና የሚመከረው እርሱ ነው። ምክሩን ሰምታ አሁንም ከጸናች፥ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለክትትል ስንት ጊዜ እንደምትመላለስና ሥራው ቢበላሽ ማን እንደሚያርምላት አስቀድማ ከሐኪሙ ትረዳ። ተሠርታ ለተመለሰችውም በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ፊቷን እያዩ የሚንሾካሾኩትን ካህኑ ዝም ያሰኛቸው፤ እርሷንም እንደ ቀድሞው በክርስትና ስሟ ይጥራት።