ከነተከራዩ ቤት ለምትገዙ

ልጆቼ፣ በ2000 ዓ.ም. ፀሐይ መውጫ ከሚባለው ገደል ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ መውጣት ከጀመረ ወዲህ ከተማችን ወገል ጤና ላይ ገንዘብ የቀናው ወጣት ሁሉ ቤት ይገዛል። ተመስገን፤ ባለቤት መሆናችሁን አልጠላም። የሚያንገበግበኝ ውል በተፈረመ ማግስት የማየው ነው። ገዢው ግቢ ይገባና «በሳምንት ልቀቁ» ይላል። እምቢ ሲሉት መብራት ይቆርጣል። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የአንዲት መምህርት ዕቃ ደጅ ሲወጣ አየሁ፤ የሽሮ ማሰሮዋ ጭቃው ላይ ተደፍቶ ነበር። የሁለት ወር ኪራይ አስቀድማ ከፍላለች። ገዢው «እኔ አልተቀበልኩም» አለ። እሁድ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ቆሞ አገኘሁት። እንግዳ ተቀባዩን አብርሃምን አባታችን እያልን!

ቤት ስትገዙ ካርታ ታገላብጣላችሁ፣ ግድግዳ ትመታላችሁ፣ ከደላላ ጋር ቀን ሙሉ ትከራከራላችሁ። በሩን አንኳኩቶ «እስከ መቼ ከፍለሻል?» የሚል ግን ጠፋ።

እኔ ደሴ ስማር በሶና ዳቦ ቆሎ ከቤት እየተላከልን አንዲት ክፍል ለአራት ተከራይተን ነበር። ቤቱ ተሸጠ። የገዙት እናት ቡና አፍልተው ጠሩንና «ለፊተኛው የከፈላችሁት ለእኔ እንደከፈላችሁ ነው፤ ፈተናችሁን ጨርሱ» አሉን። ነፍሳቸውን ይማር። ኋላ በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወርስ ያም ቤት ተወረሰ። ቤት አለኝ ብሎ የሚታበይ ያን ዓመት ያየ ሰው ይጠይቅ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። «እዚህ ደጋ ላይ ማን ይቆጣጠረናል?» የምትሉ አላችሁ። ፈጣሪን የሚፈራ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ልትኖርበት ከሆነ የገዛኸው፣ ጊዜ ስጥ፤ ክረምቱ ይለፍ፣ ልጆች ትምህርት ይጨርሱ። የውሃና የመብራት ዕዳ አጣራ። ከሁሉ በፊት ግን ገንዘቡ ከእጅህ ሳይወጣ ሻጩንና ተከራዩን አንድ ላይ አስቀምጥ፤ የተከፈለው ኪራይ በሽማግሌ ፊት ይቆጠር፣ ይጻፍ። ሻጩ የተቀበለውን ቅድሚያ ከዋጋው ላይ ቀንስበት። አልቀንስም ካለ እሱን ክሰስ እንጂ፣ ከመምህር ደመወዝ ሁለተኛ ኪራይ አትጠይቅ።